የጊዜዋ ሥርና ዘጠና ቀን

ጊዜዋን የማያውቅ የወይና ደጋ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አጥር ሥር፣ መንገድ ዳር፣ በፈረሰ ግቢ ውስጥ ማንም ሳይተክላት ትበቅላለች። ቅጠሏ አመድማ ነው፤ ቀይ ፍሬዋንም በስስ ሽፋን ጠቅልላ ትይዛለች። እኛ ዘንድ ስሟ የሚነሳው ከጭስ ጋር ነው፤ ቡዳ በላው የተባለ ይታጠንባታል። ህንዶች ግን ይህችኑ ተክል አሽዋጋንዳ ብለው፣ ሥሯን አድርቀውና ፈጭተው ከጥንት ጀምሮ ለደከመ ሰው ይሰጣሉ።

አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ እስር ጊዜዋ የሚሸጡ እናት አግኝቼ ሥሩ ብቻ እንደሚበቃኝ ብነግራቸው፣ “ሥሩ ብቻውን ምን ሊሆንህ ልጄ? ሲታጠን እኮ አብሮ ነው” ብለው ሙሉውን አስታቀፉኝ። ሥሩን ስሰብረው ውስጡ ነጣ ያለ ነበር፤ የላበው ፈረስ ሽታም አለው። ተመራማሪዎች ለወንድ መካንነት የሞከሩት ይህን ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የህንድ ጥናት፣ የስፐርም ቁጥራቸው ያነሰ 46 ወንዶች ተሳትፈዋል። 21ዱ በቀን 675 ሚሊግራም የሥሩን ጭማቂ በእንክብል ሲወስዱ፣ 25ቱ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ከ90 ቀን በኋላ ሥሩን በወሰዱት ዘንድ አማካዩ በሚሊ ሊትር ከ9.6 ሚሊዮን ወደ 25.6 ሚሊዮን ከፍ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መለኪያ 16 ሚሊዮን ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። ጥቁር አዝሙድም ኢራን ውስጥ በ68 ወንዶች ላይ ተሞክሮ ዘይቱ መልካም ውጤት አሳይቷል።

ሰው የሚዘነጋው ግን 90 ቀኑን ነው። ቆለጥ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ አንዲት ሴል ተከፋፍላ፣ ክሮሞዞሟን በግማሽ ቀንሳ፣ ጭራ አውጥታ እስክትለቀቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ከቆለጡ ጀርባ የተጠቀለለ፣ ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል የሚሆን ቱቦ ይጠብቃታል፤ እሱን ለማለፍ አንድ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። በራሷ መዋኘት የምትችለውም እዚያ ውስጥ በስላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላብራቶሪ የገባ ናሙና የሚናገረው ባለፉት ሦስት ወራት ገደማ ስለነበረው ጤና ነው።

መስከረም ላይ ወባ በከባድ ትኩሳት የጣለው ሰው ኅዳር ላይ ቢመረመር ቁጥሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ምንም ሳይወስድም የካቲት ላይ ሊስተካከል ይችላል። በመሀል ሥር የሸጠለት ካለ ምስጋናው ለሻጩ ይሆናል። ሐኪም በአንድ ውጤት ብቻ የማይፈርደው፣ ጥናትም ባዶ እንክብል የሚወስድ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ወስዶ “አልሠራልኝም” ብሎ የሚጥል ሰው ያናድደኛል፤ በሁለት ሳምንት “ዳንኩ” የሚለው ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ሁለቱም ሥሩን አልፈተኑትም።

የወንድነት ኃይልና ልጅ መውለድ አንድ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። አልጋ ላይ ብርቱ የሆነ ሰው ስፐርም ላይኖረው ይችላል። ልጅ እየፈለጉ ለጡንቻ ብለው የቴስቶስትሮን መርፌ የሚወጉ ወጣቶችን እባካችሁ ተዉ እላለሁ፤ ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ የስፐርም ምርትም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል።

መተላለፊያው ቱቦ ተዘግቶ ከሆነ የትኛውም ሥር አይከፍተውም። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፤ ሚስትን ብቻ ሐኪም ቤት ማመላለስም ይብቃ። የህንዱ እንክብል በልክ የተዘጋጀ ነው፤ ከአጥር ሥር የተነቀለው ጊዜዋ ግን መጠኑ አልተለካም፣ የንጥረ ነገሩ ይዘትም እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል። አሽዋጋንዳ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። የጉበት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት አይንካው፤ እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ደግሞ 90 ቀን ልሙላ ሳይል አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።