ባዶው ቀለህ፦ ጥይት በታሪካችን እንደ መሣሪያ፣ እንደ ገንዘብና እንደ ቅርስ

(በካዛንቺስ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)



ንግግሬን በአንድ የቤተሰብ ነገር እንድጀምር ይፈቀድልኝ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ የአክስቴም ቤት ከተነሡት አንዱ ነበር። ዕቃ ስናወጣ ከአንድ የእንጨት ሣጥን ሥር የደረቀ የቆዳ ዝናር አገኘን። በውስጡ አሥራ አንድ ጥይቶች ነበሩ። ዘጠኙ ባዶ ቀለህ ሲሆኑ ሁለቱ ሙሉ ናቸው። አክስቴ «ይህን ናስ ለቆራሌው ስጠው፤ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። እኔ ግን ከሁለቱ ሙሉ ጥይቶች አንዱን ሳይ ቆም አልኩ። አረሩ ከፋብሪካ የወጣ አይመስልም፤ ወለል ብሎ የሚታይ የመዶሻና የሞረድ ምልክት ነበረበት። አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ የተተኮሰ ቀለህ አንሥቶ በእጁ እንደገና ሞልቶታል ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከዚያች ጥይት የመጣ ነው።

በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ፣ የተተኮሰን ቀለህ በቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የብዙ አዳኞችና ተኳሾች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ለሽጉጥ ሳይቀር በአንድ አረር ፈንታ ደቃቅ የእርሳስ ፍንጣሪ የያዘ ጥይት የሚያዘጋጁ አሉ። በእኛ አገር ግን ነገሩ ከመዝናኛ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከችግር የተወለደ ሥራ ነበር። ችግሩ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት፣ ጥይት ምን እንደሆነ አስቀድመን እንይ።

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የሚወረወረው አረር ነው። ሁለተኛው አረሩን የሚገፋው ባሩድ ነው። ሦስተኛው በቀለሁ ግርጌ መካከል የተቀመጠችው፣ ስትመታ እሳት የምትጭረው ትንሿ ክዳን ናት። አራተኛው ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ቀለህ ነው። ቀለህ ከናስ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ናስ ባሩዱ ሲነድድ ተለጥጦ የጠመንጃውን ጓዳ ይደፍናል፤ ጭሱና እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያግዳል። ግፊቱ ሲያልፍ ደግሞ ጥቂት ይኰማተርና በቀላሉ ይወጣል። ከተኩስ በኋላ ሳይጠፋ የሚቀረው ክፍል ይህ ብቻ ነው። ባዶ ቀለህ ዋጋ ያለው ነገር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ወደ ታሪኩ እንለፍ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 «ግራ» የተባለውን ጠመንጃ ለሠራዊቷ ሰጠች። አያቶቻችን «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም ወደ አፋቸው አምጥተው «ውጅግራ» አሉት። እንግሊዞች የሠሩትንም «ስናድር» ብለውታል። በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የለበል ጠመንጃ ስትይዝ፣ ውጅግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። በመጋዘን የተከማቸው እጅግ ብዙ ጠመንጃ ገዢ ፈለገ። ከገዢዎቹ አንዱ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ ወደ ሸዋ ያመጣው የጠመንጃ ጭነት የዚሁ ንግድ ክፍል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት መካከል ብዙው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዞ ነበር።

ሆኖም ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ጠመንጃ የሸጠ አገር በጥይቱ በኩል የገዢውን እጅ እንደ ያዘ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው የኬክሮስ መስመር ድረስ ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ የሚገድብ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ስለ ጦር መሣሪያ ግዢ ውል ተፈራረመች። በ1927 ዓ.ም. ግን የጣልያን ጦርነት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ አገዱ። እገዳው በሁለቱም ወገን ላይ የተጣለ ነበር። ነገር ግን ጣልያን የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ የእገዳው ክብደት ያረፈው በኢትዮጵያ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ በመሆኑ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይገባም። ምንሽር የያዘው ሰው ጥይቱ ሲያልቅበት፣ ውጅግራ የያዘው ጓደኛው ዝናሩ ሙሉ ቢሆንም ሊያበድረው አይችልም። በተራራ ላይ ለብቻው የቀረ አርበኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ቀለህ ለቅሞ መልሶ መሙላት የተፈለገው ለዚህ ነው። ለውጅግራ ሥራው የሚቻል የሆነበት ምክንያት አለ። ጠመንጃው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በአገራችን ከውጅግራ በፊትም ይሠራ ነበር። አረሩም ተራ እርሳስ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። እጅ የሚያጥረው እሳት ጫሪዋ ክዳን ላይ ነው። እርስዋ የኬሚስትሪ ሥራ ናት፤ አንጥረኛ በወናፍና በመዶሻ አይደርስባትም። ስለዚህ የነጻነት ጥያቄ፣ አንዳንዴ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የብረት ክዳን ላይ ይንጠለጠል ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ጭስ አልባ ባሩድ ለሚጠቀሙት ኋለኞቹ ጠመንጃዎች ደግሞ በግምት መሙላት ጠመንጃውን ከነተኳሹ ማጥፋት ነበር፤ ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ስሕተትን አይታገሥም።

ጥይት ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት በጣም ትልቅ ነው። ለአንድ እፍኝ ቅመም ብር አይሰነጠቅም። ስለዚህ ገበያው ዝርዝር ሲፈልግ አሞሌ ጨውንና የውጅግራ ጥይትን ተጠቀመ። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ከባድም ነው። ጥይት ግን መጠኑ እኩል ነው፤ አይበሰብስም፤ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ስማቸው የተቀረጸበትን ገንዘብ ካወጡና የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም ይህ ልማድ ወዲያው አልጠፋም። ጉዳዩን በጥልቀት ማንበብ የሚወድ ሰው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ የጻፉትን ይመልከት።

ይህ ሁሉ ከሰፈራችን የራቀ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር የቆመው እዚሁ ቂርቆስ፣ ለገሃር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስምም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ነው። ወራሪው ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸውን ቤቶች ያመለክታል። አርበኞች በዱር ቀለህ ሲለቅሙ በነበሩበት ዘመን የተሰየመ ሰፈር፣ ከድል በኋላ የአርበኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች መኖሪያ ሆነ። እነሆ፣ የእነርሱ ሣጥኖች አሁን በመከፈት ላይ ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው ለሕይወት ነው። አሮጌ ጥይት ብታገኙ አትክፈቱት፤ አትምቱት፤ ወደ እሳት አታቅርቡት፤ ለቆራሌውም አትስጡት፤ ከልጆች አርቃችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ከመቶ ዓመት በኋላም ይነድዳል። በእጅ የተሞላ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ዛሬ የለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ጥይትን እንደ ተራ ዕቃ አያየውም።

ሁለተኛው ለታሪክ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት፣ ሳትነካኩ፣ ፎቶግራፍ አንሡ። በቀለሁ ግርጌ የፋብሪካውንና የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክት ጽሑፍ ይገኛል። የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ የቤቱ ሽማግሌ ምን ይል እንደነበር ጻፉ። ናስ ቢቀልጥ ሌላ ናስ ይገኛል፤ የአንድ ቤት ወሬ ከጠፋ ግን ምትክ የለውም።

እኛ ሁለቱን ሙሉ ጥይቶች አስረከብን። ዝናሩንና ዘጠኙን ቀለህ አስቀምጠናል። አክስቴ አሁን «ቆራሌ» አትልም። በቅርቡ ልጠይቃት ብሄድ፣ ለጎረቤት ልጅ አንዱን ባዶ ቀለህ እያሳየች «ይህ እኮ ድሮ ገበያ ያስወጣ ነበር» ስትለው ሰማኋት። ልጁም «ታዲያ በዚህ ምን ይገዛበት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።