የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ

በከተማ ቤት ውስጥ ከሚገኙት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ የእንጀራ ምጣድን ያህል የሚደክም፤ የእርሱንም ያህል ምስጋና የማያገኝ የለም። ቴሌቪዥን ሲጠፋ በዚያው ቀን ሠራተኛ ይጠራል። ምጣዱ ግን ታሞም ቢሆን እንጀራውን እስካወጣ ድረስ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አልነበርንም።

አንድ ቅዳሜ ማታ የደረሰብንን እናውጋችሁ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ቡሃቃውን ሞልቷል፤ ለእሑድ ምሳ እንግዳ ተጠርቷል። እንጀራ የሚጋግሩልን አረጋዊት ጎረቤታችን አራት እንጀራ እንዳወጡ ምጣዱ ሥራውን አቆመ። አምስተኛው በቀረው ሙቀት እንደ ምንም በሰለ፤ ስድስተኛው ግን ዐይን ሳያወጣ ነጭ ሊጥ እንደ ሆነ ቀረ።

እኛም በተማሪ ቤት ፊዚክስ የተማርን መሆናችንን አስታውሰን፣ እጅጌያችንን ሰብስበን፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዘን ቀረብን። እማማ ግን መንገዱን ዘጉብን።

«ተው ልጄ፤ አትንካው። እጄን ይነዝረኛል ስልህ ሁለት ሳምንቴ አይደለም ወይ?» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። በነገሩን ጊዜ «እማማ፤ እጅዎ ረጥቦ ይሆናል» ብለን አልፈነው ነበር። እርሳቸውም ከእኛ መፍትሔ ቢያጡ ከእግራቸው ሥር ደረቅ ጣውላ አንጥፈው፣ ጠርዙን በእጃቸው ላለመንካት እየተጠነቀቁ ሲጋግሩ ከርመዋል። ለካ ፊዚክሱን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እርሳቸው ኖረዋል!

በዚያ ሌሊት ምጣዱን አልከፈትነውም። ስፒናውን ነቅለን፣ የቀረውን ሊጥ ተሸክመን ምጣድ ልመና ጎረቤት ሄድን። ሸክላ ሙቀቱን ቶሎ ስለማይለቅ፣ ምጣዱን ለመክፈት እስኪነጋ መታገሥ ተገቢ ነበር።

በማግሥቱ ገልብጠን ፈታነው። የምጣዱ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ከሸክላው በታች በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ እንደ ጸጉር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ይዞራል። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮምየም ተቀላቅለው የተሠራ ነው። ይህን ቅይጥ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1898 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906) በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ኒክሮም ሲግል ከላዩ ላይ ስስ የክሮምየም ዝገት ያወጣል፤ ይኸው ዝገት መልሶ ውስጡን ከአየር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለዓመታት እየጋለና እየቀዘቀዘ ይኖራል። ዘላለማዊ ግን አይደለም፤ ሲያረጅ ይሰባበራል። የእኛም ምጣድ ሽቦ ከጫፉ አጠገብ ተቆርጦ አገኘነው።

አሁን ፈተናው መጣ። የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ጎትቶ፣ በፒንሳ ጠምዝዞ ማገናኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምጣዱም በእርግጥ ይሞቃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ በወሩ ሲቆረጥም እንደ ገና ይጠመዝዘዋል። ነገር ግን አንባቢያችን እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢያሰላው ጉዳቱን በዐይኑ ያየዋል።

ምጣዱ በ220 ቮልት 3,700 ዋት የሚስብ ቢሆን፣ የሽቦው ተቃውሞ 13 ኦም ያህል፣ የሚያልፍበትም ጅረት 17 አምፔር ያህል ነው። ከሽቦው ርዝመት ከ10 እጅ አንዱ በመቃጠልና በመጠምዘዝ ቢጠፋ፣ ተቃውሞው ያንሳል፤ ጅረቱ ወደ 19 አምፔር ይጠጋል፤ ኃይሉም ወደ 4,100 ዋት ከፍ ይላል። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 እንዳስረዳው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በጅረቱ ልክ ሳይሆን ጅረቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ የቀረው ሽቦ እያንዳንዱ ክንድ ቀድሞ 100 እጅ ሙቀት ይሸከም የነበረው አሁን 123 እጅ ይሸከማል። ያረጀውን በቅሎ ጭነት ጨምሮ ዳገት እንደ መስደድ ያለ ነው። የተጠመዘዘውም መጋጠሚያ በደንብ ስለማይያያዝ ከሌላው አብልጦ ይግላል፤ ስፒናውና የግድግዳው ሶኬትም እየጠቆሩ ይሄዳሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚብስ ነገር ገና አላየንም ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ ወደ ብረት ገበታው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ልባሱ በሙቀት አሮ፣ ባዶው ሽቦ ብረቱን እየነካ ኖሯል። አረንጓዴና ብጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ደግሞ ቀድሞ የሠራ ሰው ቆርጦት፣ በናስትሮ ጠቅልሎት ተገኘ። የእማማ እጅ የተነዘረው በዚህ ምክንያት ነበር። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ቢያጣ፣ በሰው አካል ሊወርድ ሲሞክር ነበር።

«ብሬከሩ ይቆርጠው የለምን?» የሚል ይኖራል። አይቆርጠውም። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ገመዱ ከሚችለው በላይ እስካልጫኑት ድረስ ዝም ይላል። ሰውን ለመጠበቅ የሚሠራው ልዩ ብሬከር ግን የሚቆርጠው 0.03 አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ ነው። በ17 አምፔርና በ0.03 አምፔር መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ! ሰውን ሊገድል የሚችለው ጅረት ለተራው ብሬከር እንደ ምንም አይቆጠርም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ማታ ሽቦውን ብቻ ጠምዝዘን ቢሆን ኖሮ፣ ምጣዱ ይሞቅ፣ እንግዳው ይበላ፣ እኛም እንመሰገን ነበር። አደጋውን ግን መልሰን ለእማማ እጅ እናስረክብ ነበር። ስለዚህ ምጣድ ስለ ሞቀ ተጠገነ ማለት አይቻልም።

ጥገናውን የፈጸምነው እንደሚከተለው ነው። አሮጌውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ አውጥተን ቦዩን ጠረግን። ለምጣዱ ኃይል የሚስማማ አዲስ ጥቅል ገዝተን፣ አንዱ ስፍራ ሳይጠብቅ ሌላው ሳይላላ እኩል ስበን አስገባነው። ገመዱን ሙቀት በሚችልና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ለወጥን። የመሬቱን ሽቦ ከብረት ገበታው ጋር በብሎን አጥብቀን አሰርን። ከዚህ በኋላ ግን እጃችንን ሰበሰብን። የመሬቱ መስመር ከግድግዳው ጀምሮ በእርግጥ መሬት መድረሱንና ወደ ብረቱ የሚያፈተልክ ጅረት አለመኖሩን በመሣሪያ የሚያረጋግጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራን፤ ሰውን የሚጠብቀውንም ብሬከር በዚያው አስገባን። የሚችሉትን መሥራት ጥሩ ነው፤ የማይችሉትን ለሚችል መተውም የሙያ ክፍል ነው።

ወጣት አንባቢያችን ሆይ፤ በቤትህ ያለውን ምጣድ ዛሬውኑ ስፒናውን ነቅለህ ተመልከት። የጠቆረ እግር፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የላላ ብሎን ካለ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ከሁሉ በፊት ግን የሚጋግሩትን ሰው ጠይቅ። እናትህም ትሁን፣ እኅትህም ትሁን፣ ተቀጥራ የምትሠራም ትሁን፣ «ይነዝረኛል» ካለችህ በዚያችው ደቂቃ ከኤሌክትሪክ ይላቀቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እማማ አሁንም ይጋግሩልናል። ጣውላቸውን ግን እስከ ዛሬ ከእግራቸው ሥር አላነሡም። እኛም አንሡት አላልናቸውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልሰማናቸው እኛ ነንና።