ተቅማጡ ከጥርሱ አይደለም

ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችው ቦርደዴ ቆላ ናት። ሙቀቱ ብርቱ፣ ውኃው ሩቅ ነው፤ የብዙው ነዋሪ ኑሮም በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የቆመ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የስምንት ወር ሕፃን ድንገት ሲያስመልሰው፣ ወዲያውም ቀጭን ተቅማጥ ሲከተለው፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ወይ ጥርሱ ነው፣ ወይ የጠጣው ውኃ። በዚህ ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ከባድ ውኃማ ተቅማጥ በዓለም ዙሪያ ቀዳሚ መንስኤ ሆኖ የሚገኘው ግን ሮታ የተባለው ቫይረስ ነው። ኖሮ፣ አስትሮና አዴኖ የሚባሉት ቫይረሶችም አብረውት ይነሳሉ። መንስኤው ሲሳት ሕክምናውም ስለሚሳት፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

የጥርሱ ግምት ያለ ምክንያት አልመጣም። ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው የመከላከል አቅም በስድስት ወር ገደማ ይሳሳል። ተጨማሪ ምግብ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይድሃል፣ ያገኘውንም ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ብቅ የሚሉትም ያን ጊዜ ነው። ጥርሱና ተቅማጡ አብረው የሚታዩት ዕድሜ ስላገናኛቸው እንጂ አንዱ ሌላውን ስላመጣው አይደለም። ግምቱ ግምት ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ነገር ግን በብዙ የሀገራችን አካባቢ ግግ ወደ ማስቧጠጥና እንጥል ወደ ማስቆረጥ ይወስዳል። ፈሳሽ አልቆበት የተዳከመው ሕፃን ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ከምንም በላይ ጡት በሚያስፈልገው ሰዓትም መጥባት ያቅተዋል።

ቫይረሱ የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ ሜልበርን ከታመሙ ሕፃናት ቀጭን አንጀት የወሰዱትን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አገኙት። የቀጭን አንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ፎጣ ክር በተደረደሩ ጥቃቅን ዘርፎች የተሸፈነ ነው፤ ውኃ፣ ጨውና የወተት ስኳር ወደ ሰውነት የሚገቡትም በእነሱ በኩል ነው። ሮታ ጫፋቸው ላይ ያሉትን ሕዋሳት ገብቶ ያጠፋል። በዚያ ላይ አንጀቱ ፈሳሽ እንዲያመነጭ የሚያደርግ መርዝ መሰል ፕሮቲን ይለቃል። መግቢያው ሲዘጋ መውጫው ይሰፋል ማለት ነው። የታመመ ሕፃን አንድ ግራም ዓይነ ምድር በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ሊይዝ ይችላል፤ ሌላውን ሕፃን ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሰ ይበቃል። የተጸዳዳውን ልጅ ያጠበ እጅ፣ ልጆች የሚቀባበሉት መጫወቻ ወይም ኩባያ ለመተላለፊያው በቂ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ ቦርደዴ የጎደላት ንጹሕ ውኃ ነውና ውኃው ሳይመጣ ስለ ቫይረስ ማውራት ምን ይፈይዳል? ውኃ የግድ ነው፤ ኮሌራና የደም ተቅማጥ ያለ እሱ አይገቱም፣ እጅ በሳሙና መታጠብም ያለ እሱ አይታሰብም። ሮታን ግን የቧንቧ ውኃ ብቻውን አላቆመውም። በአሜሪካ ክትባቱ በ2006 እ.ኤ.አ. በመደበኛነት መሰጠት ከመጀመሩ በፊት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሮታ ያልተያዘ ሕፃን አልነበረም ማለት ይቻላል። በዓመት የሚሞቱት ግን ከ20 እስከ 60 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በዚሁ ቫይረስ የሞቱትን ሕፃናት 215,000 ያህል አድርጎ ገምቷል። መያዙ የጋራ ነበር፤ ሞቱ ግን የፈሳሹ ምትክ በጊዜ ባልደረሰበት ቦታ በረታ። ቆላ ደግሞ በላብና በትንፋሽ ተጨማሪ ውኃ ስለሚወስድ የሕፃኑን ጊዜ ያሳጥራል።

ምትኩ ኦ አር ኤስ ነው፤ በብዙ ቤት ለምለም የሚባለው። ግሉኮስና ጨው አብረው ሲገኙ አንጀት ሁለቱንም ባንድ በር ያስገባቸዋል፣ ውኃውም ተከትሎ ይገባል። ሮታ ሁሉንም ሕዋስ ስለማያጠፋ ይህ በር በበሽታው መካከልም ክፍት ነው። እናቶች «ሰጥቼው ተቅማጡ አልቆመም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ሥራው የወጣውን መተካት እንጂ ማስቆም አይደለም፤ አብሮት የሚሰጠው ዚንክ ግን የሕመሙን ቀናት ያሳጥራል። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በአንድ ሊትር ሃይላንድ ተለክቶ በንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ሕፃኑ በየአንድ ሁለት ደቂቃው በሻይ ማንኪያ ይጠጣል፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታግሶ መቀጠል ነው። ጡቱ አይቋረጥም፤ ከ24 ሰዓት ያለፈው ብጥብጥ ይደፋል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰመጠ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን የቤት እንክብካቤ አይበቃም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ቦታው የደም ተቅማጥና ሐኪም ያዘዘበት ሕመም ነው።

ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛ መርሐ ግብሯ ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በአፍ ይሰጣል። የሚጠራጠሩት ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው፣ በድሃ አገሮች ክትባቱ ብዙም አይሠራም የሚል ነው። በርግጥ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከባድ ሕመምን የመከላከል አቅሙ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ሲሆን በማላዊ 49 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ሆኖም ከመቶ የተከተቡ ሕፃናት በዓመት ክትባቱ ያስቀረው ከባድ ሕመም በደቡብ አፍሪካ 4.2፣ በማላዊ 6.7 ነበር፤ በሽታው በበዛበት ዘንድ ግማሽ መከላከያም ብዙ ያድናል። ሁለተኛው ስጋት የአንጀት መተጣጠፍ ነው። ቀድሞ የነበረ ሌላ ክትባት በዚሁ ምክንያት በ1999 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። አሁን ያለውን ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መርምሮታል፤ አደጋውን እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃም አላገኘም።

ለቆላው አርብቶ አደር የሚቀረው ጥያቄ የጊዜ ነው። ግጦሽ ፍለጋ ለተንቀሳቀሰ ቤተሰብ ስድስተኛው ሳምንት ከጤና ኬላ ርቆ ሳለ ሊያልፍ ይችላል። ቀድሞ የመጀመሪያው ጠብታ ከ15ኛው ሳምንት በፊት ካልተሰጠ አይጀመርም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን ገደብ አንስቷል፤ በጊዜው መከተቡ የሚመረጥ ሆኖ፣ የዘገየ ሕፃን ሁለት ዓመት እስኪሞላው ሊከተብ ይችላል። ስለዚህ በአምስተኛው ወር ካርዱን ይዞ የመጣ ሕፃን «አለፈህ» ተብሎ የሚመለስበት ሳይንሳዊ ምክንያት የለም።