ጨው፣ ዳጉና የአፋር አገር፦ በዓይደር ግቢ የተደረገ ሕዝባዊ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አፋር ሕዝብ ባህልና ቅርስ ነው። ርእሱን ለዚህ ግቢ የመረጥሁት በምክንያት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል ከትግራይ በተጨማሪ ከአፋርም የሚላኩ ሕሙማንን ሲቀበል ኖሯል። ስለዚህ የጎረቤትን ባህል ማወቅ እዚህ ለሚማር ሰው የሙያው አንድ አካል ነው እላለሁ።

ስለ አፋር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ምድሩ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬታም የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምድሩን ብቻ ያየ ሰው ሕዝቡን አላየም። በእኔ አስተያየት የአፋር ታላቅ ቅርስ በዚያ ምድር ላይ መኖርን የሚቻል ያደረገው ሥርዓት ነው።

ከጨው እንጀምር። የጨው ቆፋሪዎች የደረቀውን የሐይቅ ቅርፊት በእንጨት ዘንግ ይፈነቅላሉ፤ ሌሎች በመጥረቢያ ጠርበው አሞሌ ያደርጉታል። በግመል ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ ደጋ ይወጣል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው በመሄድ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር መዝግቧል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በብዙው የአገራችን ክፍል እንደ ገንዘብ አገልግሏል። መቐለም በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከተማ ሆና ስትጎላ፣ አንዱ የገበያዋ ምሰሶ ይኸው ከአፋር የሚወጣው ጨው ነበር።

ይህ ንግድ የቆመው በጉልበት ብቻ አይደለም፤ በመረጃም ጭምር ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ጉዟቸውን ገትተው ዜና ይለዋወጣሉ። ይህ ዳጉ ይባላል። ዝናም የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? በሰው ወይም በከብት ላይ ምን በሽታ ገባ? መንገዱ ሰላም ነው? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል። የሚጠቅም ወሬን መደበቅም ሆነ ማጣመም ነውር ነው፤ ውሃ በራቀበት ምድር የተሳሳተ ወሬ ሰውንም መንጋንም ይገድላልና። ጠብ ሲነሣ ደግሞ ሽማግሌዎች ማብሎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው፣ መዳዓ በተሰኘው የአበው ሕግ ይዳኛሉ።

የአፋር ሕዝብ ዛሬ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሎ ይኖራል። በዓለም ላይ ተመሳሳይ ዕጣ የገጠማቸው ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ፣ ከሲንዲዎች መካከል አብዛኞቹ ሂንዱዎች የትውልድ አገራቸውን ሲንድን ትተው ሕንድ ገቡ፤ ቋንቋቸውም በ1967 በሕንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። እነርሱ ከአገራቸው ወጥተው ቋንቋቸውን ያዙ። አፋሮች ግን ባሉበት ሳሉ ድንበር መጥቶ በመካከላቸው አለፈ። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉትን አንድ ሕዝብ አድርጎ ያቆየው ቋንቋው፣ የጎሣው ዝምድናና ይኸው ዳጉ ነው።

አሁን ይህ ቅርስ በሁለት በኩል ይፈተናል። የመጀመሪያው መንገዱ ነው። መኪና ወደ ጨው ሜዳው ከደረሰ ወዲህ የግመሉ ቅፍለት እየሳሳ ሄዷል። የቆፋሪውን ድካም ያቀለለ ነገር ሁሉ ሊወደስ ይገባዋል፤ ሆኖም መኪና በመንገድ ቆሞ ወሬ አይጠይቅም። ሁለተኛውና የከፋው ጦርነቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ውጊያው አብአላንና በራህሌን ሲያዳርስ፣ ለዘመናት ጨውና እህል የተለዋወጡ ጎረቤታሞች ተለያዩ። ከሁለቱም ወገን ሰላማውያን ሰዎች ተጎዱ፤ የሕመምተኛውም መንገድ ተዘጋ። የተቋረጠው ንግድ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መተማመንም ነበር።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ነገ ከአፋር የመጣ በሽተኛ ፊታችሁ ሲቀመጥ፣ «የት ያምሃል?» ከማለታችሁ በፊት ስለ አገሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቱ ጠይቁት፤ እናንተም የምታውቁትን ንገሩት። ጊዜ የሚያባክን ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በየትኛው ውሃ አጠገብ ሰው እንደታመመ፣ በየትኛው መንደር ከብት እንደወደቀ የምትሰሙት በዚያ ጨዋታ መካከል ነው። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር የለመደ ሰው ለሐኪም መልካም ምስክር ነው። ቅርስ በሙዚየም ይጠበቃል እንላለን፤ ዳጉ ግን የሚጠበቀው የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።