ስሙ የተሰረቀበት ሰው ከፍርዱ ምን ያገኛል?

በሌላ ሰው ስም ያጭበረበረ ተያዘ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ብለን ነው። ካነሰ እንናደዳለን፤ ከበዛ «እሰይ!» እንላለን። ስሙ የተሰረቀበትን ሰው ግን የሚጠይቀው የለም።

ሕጉ አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። የሌላውን ሰው ማንነት የሚገልጽ ዳታ ያለፈቃዱ ማግኘት፣ መያዝ ወይም መሸጥ ብቻውን ያስቀጣል፤ የግድ ገንዘብ መጥፋት የለበትም። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ50 ሺህ ብር የማይበልጥ መቀጮ ነው። ዳኛው እስራቱን ትቶ በመቀጮ ብቻ ሊያልፈው ይችላል ማለት ነው። አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር 22 ብር አካባቢ ነበር፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሕጉን ማንም ሳይነካው መቀጮው ቀለለ። ለተደራጀ አጭበርባሪ ይህ ከትርፉ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» ተባሉ፤ ኮዱን ነገሯቸው፤ ቴሌግራማቸው ተጠለፈ። ስልካቸው ላይ ላለው ሰው ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ በዚህ ቁጥር 8,000 ብር አስገቢልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ሄደ። ሁለት የእቁብ ጓደኞቻቸው ላኩ። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ የተጠየቁት «የእርስዎ ገንዘብ ስንት ጠፋ?» ተብለው ነው። ምንም። እንግዲያውስ ገንዘብ የላኩት ይምጡና ያመልክቱ ተባሉ። እትዬ ግን ከእቁብተኞቹ ዓይን መሸሽ አልቻሉም፤ ያልተበደሩትን ብር ከጉርሳቸው ቀንሰው ከፈሉ። «በስሜ ነዋ የሄደው!» አሉኝ።

ፍትሑ የጎደለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 101 ተበዳይ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የእትዬን ጉዳት ግን በምን ደረሰኝ ያስረዱታል? ሌባው ቢፈረድበት እንኳ «ይህችን ሴት ነገሩ አይመለከታትም» ብሎ ለእቁቡም ለባንኩም የሚያሳዩት ወረቀት የሚሰጣቸው የለም። በካሊፎርኒያ በስሙ ወንጀል የተፈጸመበት ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ንጹሕነቱን በውሳኔ ማረጋገጥ ይችላል። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ከባንክም ከሲም ካርድም ጋር እየተሳሰረ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህ ለእኛም በጣም ያስፈልገናል።

ቅጣት ማክበዱ ብቻውን መልስ አይሆንም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከባድ የማንነት ስርቆት በሚለው ላይ ከዋናው ቅጣት ሌላ 2 ዓመት በግዴታ ይጨምራል፤ ዳኛው መቀነስ አይችልም። ዐቃቤ ሕጎች የሕክምና ሒሳብ አጋንኖ ያስከፈለን ሰው ሳይቀር በዚሁ ከሰሱት፤ በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ሰው፣ በደቢን ጉዳይ «ይህ የማንነት ስርቆት አይደለም» ብሎ አጠበበው። እኛም ጋ ቢሆን ስካን የተደረገ መታወቂያ ከኮምፒዩተሩ ላይ አውጥቶ የሸጠ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅና በዚያ መታወቂያ ሰው የሚያራቁት ቡድን አለቃ እኩል መታየት የለባቸውም። ልጁን ከማሰር ይልቅ ካሳ ማስከፈል ይሻላል እላለሁ። ለአለቃው ደግሞ እዚያው አዋጅ ውስጥ ስለ ማታለል በሚደነግገው አንቀጽ 10 ጽኑ እስራት ተቀምጦለታል፤ ክሱ በአንቀጽ 11 ብቻ መቆም የለበትም።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ፣ ብር ባይጠፋባችሁም፣ መልእክቶቹን ስክሪንሾት አንሱና ጣቢያ ሂዱ። አንቀጽ 11ን ጠቅሳችሁ በራሳችሁ ስም አቤቱታ አስመዝግቡ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ሳትቀበሉ አትውጡ።