ማን ይሂድ? ማን ይምጣ?

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ፈረንሣይ ለጋሲዮን ወጣሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን የሚወርደው ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ ስለ ነበረ፣ ወዳጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚሰበሰቡባት ትንሽ ሻይ ቤት ጎራ አልሁ። ገና ደጃፉን ሳልረግጥ ክርክሩ ተቀበለኝ።

«እኔ ብሆን ረጅሙን ሰጥቼ ሁለት ፈጣን ልጆች አመጣለሁ።»

«ረጅሙን ከሰጠህ በኋላ ከቅርጫቱ ሥር ማን ሊቆምልህ ነው? አንተ ነህ?»

«ግድ የለህም፤ ሦስተኛውን ልጅ በምራቂ አስጨምራለሁ!»

ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢሰማ ሾላ ገበያ ላይ የበግ ዋጋ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ወዳጆቼ ግን የቅርጫት ኳስ አፍቃሪዎች ናቸው። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሦስቱ ደግሞ ሥራ ከያዙ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የሚከራከሩትም በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤን ቢ ኤ በሚባለው፣ የሚደግፉት ቡድን እንዲጠነክር ማንን ሰጥቶ ማንን መቀበል እንዳለበት ነው።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ባዶውን ብርጭቆ ሲያነሡ ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጆቼ» አሉ፣ «ይህን ስትሸጡትና ስትለውጡት የምታመሹትን ልጅ፣ እናቱ ሰምታለች?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

አንባቢ ክርክሩን እንዲከተል በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር መግለጽ ይገባል። በእኛ አገር እግር ኳስ የተጫዋች ዝውውር ሲባል የምናውቀው፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ክረምት ሲገባ ከሌላ ክለብ ጋር ተነጋግሮ መፈረሙን ነው። ውሉ ሳያልቅ የሚፈልገው ክለብ ቢመጣም በገንዘብ ይስማማሉ እንጂ፣ ያለ ተጫዋቹ ፊርማ ነገሩ አይፈጸምም። በአሜሪካው ሊግ ግን ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ። ውሉም ከሰውየው ጋር አብሮ ይጓዛል። «ያለ ፈቃዴ አልለወጥም» የሚል ቃል በውላቸው ውስጥ ያስገቡ ተጫዋቾች እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ሊጉ ከ1977 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው። ስለዚህ ባለጸጋ የሆነ ክለብ ሁሉ ገንዘቡን ቆጥሮ የወደደውን ሊወስድ አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ተጫዋች ደመወዝና የሚመጣው ተጫዋች ደመወዝ መቀራረብ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ወደ ሊጉ ከሚገቡት አዳዲስ ወጣቶች የመምረጥ ተራ እንደ ገንዘብ ይሰጣል፤ ይወሰዳል። እንግዲህ በእነዚህ ወዳጆቼ ጠረጴዛ ላይ እርሳስና ወረቀት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋፊው ግማሽ አሠልጣኝ፣ ግማሽ ሒሳብ ሹም መሆን አለበት።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ጭምት የሆነው፣ ሁልጊዜ ክርክሩን የሚያስቆመው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «የጎደለን ምንድን ነው?» ቡድኑ የተሸነፈው ነጥብ ማስቆጠር አቅቶት ነውን? ወይስ መከላከል? ወይስ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ጉልበት አልቆበት? ይህን ሳይለዩ «እገሌ ይምጣ» ማለት፣ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ነው ይላል። እውነቱን ነው።

የሚጠቅም ልውውጥ የለም ማለት አይደለም። ካሪም አብዱል ጀባር የሚባለው ታላቅ ተጫዋች ከሚልዋኪ ከተማ ቡድን ልሂድ ብሎ ራሱ በጠየቀ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም. ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተሰጠ፤ በምትኩም ሚልዋኪ አራት ተጫዋቾች ተቀበለ። ሌከርስ ከ1972 እስከ 1980 ዓ.ም. ከእርሱ ጋር አምስት ዋንጫ አነሣ። ሚልዋኪ በበኩሉ ከአራቱ ተለዋጮች የሁለቱን፣ የጁኒየር ብሪጅማንንና የብራያን ዊንተርስን፣ የመለያ ቁጥር ለክብራቸው ከአገልግሎት አውጥቶ ሰቅሎላቸዋል። ስለዚህ ያተረፈው ማን ነው ቢባል መልሱ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ዋንጫ ለሚቆጥር ግን ሚልዋኪ ዳግም የሊጉ አሸናፊ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ወዳጆቼን እስከ ዛሬ የሚያጣላቸው ግን ሌላ ልውውጥ ነው። ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ የአዲስ አበባ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት፣ የዳላስ ቡድን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ አሳልፎ መስጠቱ ተሰማ። ዶንቺች ያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከጥቂት ወራት በፊትም ቡድኑን እስከ ፍጻሜው ውድድር አድርሶት ነበር። ዳላስ በዋናነት የተቀበለው የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲ የሚባል ወጣትንና አንድ የወደፊት የመምረጥ ተራን ነው። የዳላስ ሥራ አስኪያጅ ምክንያቱን ሲሰጥ፣ ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው አለ።

በሻይ ቤቱ ውስጥ አንደኛው ወገን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ፈረደ። ሌላው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ። የፈረንጁም ደጋፊ በራሱ ቋንቋ ይህንኑ ሳይል አልቀረም፤ ሥራ አስኪያጁ ይባረር እያለ በአዳራሹ ውስጥ ይጮህ ጀመር። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ተጎዳ። ዶንቺች በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ለሌከርስ ተሰልፎ ወደ ዳላስ ሲመለስ፣ የቀድሞ ሥራውን የሚያሳይ ፊልም ቢያዩለት በአደባባይ አለቀሰ፤ ከዚያም ተነሥቶ 45 ነጥብ አስቆጠረባቸው። ሥራ አስኪያጁ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ።

እኔን የነካኝ ግን ነጥቡ አይደለም። ዶንቺች መለወጡን ሲሰማ ማመን እንዳቃተው መናገሩ ነው። ብዙ ሺሕ ሰው በስሙ የተሠራ መለያ ለብሶ ሲዘምርለት፣ እርሱ ራሱ በጉዳዩ ውስጥ እንግዳ ነበር። የእትዬ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል።

ወደ አገራችንም ብንመለስ ክርክሩ አይቀርም። አባቶቻችን ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወሩ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ለይተው ሊያወሩ አይችሉም፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ 4 ለ 2 አሸንፋ ስትወስድ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ የነበረው ሰው፣ በክለብ ደረጃ ስሙ የሚነሣው ከዚሁ ቡድን ጋር ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጎል ሲያገባ አይቶ ሳይጠግብ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መዛወሩን ሰማ። ከፋው፤ ግን «መንገድህን ያቅናልህ» አለው፤ ልጁ የሄደው ራሱ ፈርሞ ወደ ተሻለ ሥፍራ ነውና። በ2011 ዓ.ም. ክረምትም የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ደጋፊው ሁሉ እንደ ወዳጆቼ እርሳስና ወረቀት ሊይዝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ሳቁ ጋብ ሲል ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «ረጅሙን እሰጣለሁ» እያለ ይጮህ ወደ ነበረው ወዳጃችን ዞሮ፣ «ለመሆኑ ያንተ ዝውውር ከምን ደረሰ?» ብሎ ጠየቀው።

ወዳጃችን ዝም አለ። ይህ ወጣት የውሃ መሐንዲስ ነው። በዚያው ሳምንት «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ኖሯል፤ የተመደበበትም ወረዳ ከአዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ቀበና የሚኖሩት እናቱ ከእርሱ በቀር የሚያስታምማቸው የለም።

«መሄዱን አልጠላሁትም» አለ በመጨረሻ። «ወረዳው መሐንዲስ የለውም። ሕዝቡ ውሃ ይፈልጋል። እኔም አለቃ ብሆን አንድ ሰው መላኬ አይቀርም ነበር። የከፋኝ ወሬውን የሰማሁት ከመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መሆኑ ነው። ጠዋት ስገባ፣ ‹ጌታዬ፣ ሊሄዱ ነው አሉ፤ እግዜር ይከተልዎ› አለኝ። ደብዳቤው ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰኝ።»

በዚያ ማታ ከዚህ በኋላ ስለ ልውውጥ የተናገረ የለም።

ቋንቋችን ለኳስ ተጫዋቹም ለመንግሥት ሠራተኛውም አንድ ቃል መስጠቱ በከንቱ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ዝውውር ይባላል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ ደብዳቤ ተቀባዮች ናቸው። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ሲያልፍ ግን ከመካከላቸው ደብዳቤ ጸሐፊና ፈራሚ የሚሆኑ ይኖራሉ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሰው ስም ተደርድሮ፣ «ይህ ወደዚያ፣ ያ ወደዚህ» ማለት ከሻይ ቤቱ ክርክር ይልቅ የሚከብድ መስሎ ላይታያቸው ይችላል፤ ወረቀት ነውና።

የቅርጫት ኳሱ ክርክር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ በደንብ ከተማሩበት። የጭምቱ ተማሪ ጥያቄ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የጎደለው ምንድን ነው? ሰው የሚነሣው ጉድለቱ በግልጥ ከታወቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው የሒሳቡ ነው፤ የምንሰጠው ከምናገኘው ጋር ይመዛዘናልን? ቡድን ያለ ልውውጥ አይሻሻልም፤ ሩቁም ወረዳ ያለ መሐንዲስ ውሃ አያገኝም። ሦስተኛው የእትዬ ነው፤ የሚሄደው ሰው ከእኛ አፍ፣ በጊዜው፣ ከነምክንያቱ ሰምቷልን? ምክንያቱ የተነገረው ሰው እያዘነም ቢሆን ጓዙን ይሸክፋል። ከዘበኛ አፍ የሰማ ግን አካሉ ይሄዳል እንጂ ልቡ አይሄድም።

እትዬ የመጨረሻውን ሻይ ሲያመጡ ለመሐንዲሱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩለትና፣ «እናትህንስ እኔ ብቅ እያልሁ አያቸዋለሁ፤ ቀበና ምን አላት?» አሉት።

ወዳጃችን የሚሄደው በሚመጣው ሰኞ ነው። ቅዳሜ በጠረጴዛችን አንድ ሰው ይጎድላል፤ በእርሱ ምትክ ማን ይምጣ የሚል ክርክር ግን የሚነሣ አይመስለኝም።