«ልበ አንበሳ»ን በአማርኛ እናውርሳቸው

በደቡብ ስቶክሆልም የምትገኘው ሮግስቬድ ስሟ ራሱ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ሮግ» የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ነው፤ «ስቬድ» ደግሞ ለእርሻ ተቃጥሎ የተመነጠረ መሬት። ስዊድንኛ እንዲህ ነው፤ ቃል ከቃል ገጥሞ አንድ አድርጎ ይጽፋል። ክፍተቱ ከተሳሳተ ትርጉሙም ይበላሻል። «ሹክሾተሽካ» ነርስ ናት፤ ለያይተው ቢጽፏት ግን ራሷ የታመመች አስታማሚ ትሆናለች።

እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ብልሃት ከተረት መጻሕፍት ጭምር ይለምዱታል። አስትሪድ ሊንድግሬን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ብሮደርና ሌዮንየርታ» እንውሰድ። የሁለቱ ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም «ሌዮን» ነው፤ አንበሳ ማለት። ታላቁ ዮናታን ታናሹን ከእሳት አድኖ ሲሞት «ሌዮንየርታ» ሊባል ይገባው ነበር ተብሎ ተጻፈለት። በስሙ ላይ ልብ ተጨመረለት ማለት ነው። ታናሹ ካርል ግን ራሱን እንደ ፈሪ ነው የሚያየው። ያ የተጨመረ ቃል ለሱም ይገባው እንደሆነ የምናየው ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ነው።

ይህን በአማርኛ ስንተርክ «ጎበዙ ዮናታን» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ቃሉ ግን አለን እኮ! ልበ ሙሉ፣ ልበ ቀና፣ ልበ ቢስ የምንል ሰዎች «ልበ አንበሳ» ለማለት ምን ያግደናል? ስዊድንኛው ልብን ከኋላ ይቀጥላል፣ እኛ ከፊት፤ አንበሳው በሁለቱም አይነካም።

«ቶርንሩስዳለን» የሚባለው ቦታም አለ። እሾህ፣ ጽጌረዳ፣ ሸለቆ፤ ሦስት ቃል በአንድ። ሸለቆው በጨካኙ ቴንጊል እጅ የወደቀ ነውና፣ እሾሁን ጥሎ «የጽጌረዳ ሸለቆ» ማለት የነገሩን ግማሽ መደበቅ ነው።

ጉዳዩ የአንድ መጽሐፍ አይደለም። በስዊድንኛ ቃል እየገጣጠመ የሚጫወት ልጅ አማርኛው «ና ብላ፣ ሂድ ተኛ» ብቻ ከሆነ፣ ነገ ለአያቱ የልቡን በምን ሊነግራቸው ነው? በትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት አለ፤ በጥቅሉ ቢያንስ አምስት ተማሪዎችና ብቁ መምህር ሲገኙ ማዘጋጃ ቤቱ ያቀርበዋል። ሰዓቱ ግን ጥቂት ነው። የቀረው የኛ የወላጆች ድርሻ ነው።

እናም መጽሐፉን አንብበው ሲጨርሱ «ይሄን በአማርኛ ምን እንበለው?» ብለን እንጠይቃቸው። እግር ኳስ፣ አየር መንገድ፣ ሆደ ሰፊ… መነሻው ሞልቷል። ገጣጥመው አዲስ ቃል ቢያመጡ አንሳቅባቸው። ልጁ የሠራት ቃል ብትንሻፈፍም የራሱ ናት፤ አይረሳትም።